ጭስ የሌለው አረቄ

ባለፈው እሁድ ሽንዲ ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ዳሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት መለኪያቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና፣ «አሽችውማ ልጄ! ጭስ ጭስ አይልም? አረቄ ማለት እንዲህ ነው! ያወጣችው እጇ ይባረክ!» አሉኝ። ሽታው ሳልፈልገው ገባ። የወይራ ጭስ፣ ከሥሩ ጌሾ፣ ከሁሉም በታች እርጥብ አመድ። እኔ መለኪያዬን ሳልቀምስ መልሼ አስቀመጥሁት። ሰው አረቄ አንስቶ ጭሱን ሲያወድስ ስሰማ ደሜ ይፈላል። እጇን ይመርቃሉ፤ ዓይኗን የሚጠይቅ የለም።

ያደግሁት ቡሬ ነው። አባቴ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ ቤቱን ያቆመችው እናቴ ናት፤ አረቄ እያወጣች። ከቤታችን ኋላ ጣሪያውም ግድግዳውም ጥቀርሻ የለበሰ ጎጆ ነበረን። እንስራው ምድጃው ላይ ይጣዳል፤ ከአፉ የሚወጣው ሸምበቆ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ማሰሮ ይወርዳል፤ የባሕር ዛፉ እንጨት ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ ይውላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ገፋ አድርጌ «እማ!» እላለሁ። ከጭሱ ውስጥ «እዚህ ነኝ፣ አትግቢ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። የልጅነቴን እናት ከመልኳ ይልቅ በድምጿና በሳሏ ነው የማስታውሳት። ልብሴም ደብተሬም ጭስ ጭስ ይሉ ነበር፤ ያኔ ግን ማንም አላወደሰልኝም፤ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ እንኳ አልነበረም።

ፍኖተ ሰላም ገብቼ የብረታ ብረት ሙያ ስማር ዓይኗ ባሰባት። ይዣት ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሙ በመብራት አየና «እናቴ፣ ብሌንዎ መቁሰል ጀምሯል። ከጭስ ካልራቁ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንዎትም» አላት። ፊት ለፊቱ «እሽ ልጄ» አለችው። ከግቢው ወጥተን ባጃጁና ጋሪው የሚጋፋበት መንገድ ላይ ስንደርስ ግን ቆመችና ነጠላዋን አጣፋች። «ከጭስ ራቂ ይለኛል! ምን በልቸ ልራቅ?»

እውነቷን ነው። እኔም እዚያው መንገድ ላይ ወሰንሁ፤ ሥራውን ካልተወች እሳቱን ነው የማስተዋት።

ሬዚስታንስ መቸስ ታውቃላችሁ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚግለው ብረት ነው። ገበያ ላይ ሞልቷል። ጭንቁ በእንስራው ፋንታ በምናቆመው በርሜል ጎን ላይ እንዴት ይገጠም ነው፤ ድፍድፉ እንዳያፈስ፣ ኤሌክትሪኩም ሰው እንዳይነካ። ልምምድ የምሠራበት የብየዳ ቤት ባለቤት ያሰብሁትን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በኤሌክትሪክ አረቄ! ነገ ደግሞ ጠላውን በስልክ ጥመቂው!» ይለኝ ነበር። ቢስቅም የብረት መብሻውን ትራፓን ከልክሎኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ማሸጊያውን ከመኪና ካላማዳሪ ቆርጬ ሠራሁት። አረቄው ጎማ ጎማ አለ። ቀጥሎ ደግሞ ድፍድፉ ሬዚስታንሱ ላይ ጋግሮ አረረና ያንን ሁሉ ብቅልና ጌሾ ጓሮ ደፋነው። እናቴ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም፤ «አይዞሽ፣ እንጀራም የመጀመሪያው ለምጣዱ ነው» አለችኝ። በመጨረሻ ሙቀት የሚችል ማሸጊያ አገኘሁ፤ ከውስጥም ከውጭም በብሎን ማሰሪያ ዳዶ አጠበቅሁት። ዝቃጩ እንዳይቀመጥበት ከሬዚስታንሱ በላይ የተበሳሳ ስቴንለስ ብረት ገጠምሁ። የሽቦውን ጫፍ በብረት ሳጥን ሸፍኜ የመሬት ሽቦ አወጣሁለት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩንም መስኮቱንም ከፍተን ሶኬቱን ሰካሁት። ያን ጎጆ ፀሐይ ገብቶበት ያየሁት ያን ቀን ነው። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እጇ በልማድ ወደ ማገዶው ይሄዳል፤ ማገዶ የለም፤ ባዶውን ይመለሳል። መጀመሪያ በርሜሉ አጉረመረመ፤ ከዚያ ከማሰሮው ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ መጣ። «ጉድ ነው! ዝም ብየ ተቀምጨ አረቄ ይወርዳል!» ብላ ሳቀች። ሥራ ላይ ሆና ፊቷን እስክጠግብ አየሁት። ጉንጯ ላይ ስትስቅ የምትታይ ትንሽ ጎድጓዳ እንዳለች እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ነጋዴው መጣ። የእናቴን አረቄ በጀሪካን እየጫነ ለገጠሩ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። እንደ ልማዱ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፤ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተ፤ እንደገና አሸተተ። «እትየ፣ ምን ነካዎት? ይኸ እኮ ጭስ የለውም።»

«እሳት ላይ ጠብ ያድርጉት እስቲ!» አልሁት። «ካልነደደ ያኔ ይናገሩ!»

ጠብ አደረገው፤ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ።

«መንደዱስ ይነድዳል ልጄ። ጠጭው ግን አፍንጫ አለው። የፋብሪካ ነው ብሎ ይጥልብኛል» አለና ባዶ ጀሪካኖቹን እያንኳኳ ሄደ። አግዳሚያችን ላይ ዘወትር የሚቀመጡት ደንበኞችም ያንኑ ደገሙት። እማማ ምን ሆኑ፣ እጅዎን ለወጡት ወይ፣ አረቄው ነፍስ የለውም። እናቴ የምታወጣውን ጠጥተው ያረጁ ሰዎች ናቸው! ፊት ለፊታቸው ዓይኗን በነጠላ ጫፍ ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት! አንዱ እንኳ «እሰይ፣ ተገላገሉ» አላላትም። ዛሬም ሳስበው ያንን አግዳሚ አንስቼ መንገድ ላይ መወርወር ያምረኛል።

ወደ ትምህርቴ ተመለስሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳልናገር ቡሬ ብቅ አልሁ። የጎጆው በር ተዘግቷል። ገፋ ሳደርገው ጭሱ ዓይኔን መታኝ። «እማ!» አልሁ። «እዚህ ነኝ፣ አትግቢ!» አለች፤ ድሮ እንደምትለው።

ገባሁ። በርሜሉ በእኔ ሬዚስታንስ ይፈላል፤ የእሳት ዘር ከሥሩ የለም። ከጎኑ ግን እርጥብ ወይራ ተከምሮ ይጨሳል። እሷ ላዩ ላይ ጎንበስ ብላ ባዶዎቹን የአረቄ ማሰሮዎች አንድ በአንድ እየደፋች ታጥናለች። በሩን የዘጋችው ጭሱ እንዳይባክን ነው። የድሮው ምድጃ ቢያንስ ነበልባል ነበረው፤ ይህ ሆን ተብሎ የታፈነ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

«ምንድን ነው ይኸ?» ብዬ ጮህሁ።

«ያንችንማ አልተውሁትም» አለች በፍርሃት። «ያውልሽ፣ ይፈላል።»

«ይኸኛውስ?»

«እሱማ ለሽታው ነው።»

የማቀዝቀዣውን ውሃ አንስቼ ወይራው ላይ ደፋሁት። ቁጭ ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። «አጥፊው» አለችኝ። «ነገ መልሸ አነደዋለሁ። ነጋዴው ካልጫነ አንችን ማን ያስተምርሽ?»

ከዚያ ወዲህ የተናደድሁት ንዴት ሁሉ የዚያ ቀን ነው፤ በነጋዴው፣ በአግዳሚው፣ በእሷም፣ በአገሩ አፍንጫ ሁሉ። እኔ ሳልመረቅ ዓይኗ ጠፋ። መጀመሪያ የግራው፣ ቀጥሎ የቀኙ።

አሁን ፍኖተ ሰላም ያንኑ መግጠሚያ እየሠራሁ እሸጣለሁ። ከቡሬም፣ ከሊበንም፣ ከሽንዲም ሴቶች እየመጡ ይወስዳሉ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ዳዶዎቹን በብሎኑ ጥርስ ላይ እያዞረች ትሞክራለች፤ የሚይዛት ካገኘች «ይች ትነክሳለች፣ ሞርጃት» ብላ ትመልስልኛለች። ዕቃው ተሸጦ ሴትየዋ ከወጣች በኋላ ሁሌ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ዓይኗስ እንዴት ነው?» «ደህና ነው» እላታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እውነቴን ነው።

እንግዲህ ያን እሁድ አዛውንቱን ትቼ ተነሣሁና ወደ ጓሮ ዞርሁ። አረቄው የወጣበት ቤት አይጠፋም፤ ጥቀርሻው ይመራል። በርሜሉ ጥግ ላይ ቆሟል። ጎኑ ላይ ያለው መግጠሚያ የእኔ ነው፤ የገዛ እጄን ሥራ አላጣውም። ከአጠገቡ በግማሽ የነደደ ወይራ፣ በዙሪያው የተደፉ ማሰሮዎች። አንዲት በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ብቅ አለችና አወቀችኝ።

«ውይ! እርስዎ ነዎት? ዕቃዎ እኮ ወርቅ ነው! ከእንጨት ለቀማ ገላገሉኝ!»

«ይኸስ?» አልኋት ወደ ወይራው እያመለከትሁ።

«እሱማ ለሽታው ነው» አለች እየሳቀች።

ልጮህባት አፌን ከፈትሁ። ከዳሱ የአዛውንቱ ሳቅና የመለኪያ ኳኳታ ይሰማል። በእሷ ላይ ጮኼ ምን ላደርግ? አገጯን ይዤ ወደ ብርሃኑ አዞርኋት። ዓይኗ ደም መስሏል። «ነገ ፍኖተ ሰላም ነይ፣ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አልኋት። «ሰርጉ ይለፍ እንጅ» አለችና ሰው ሲጠራት ሮጠች።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ እናቴ ድምፄን ሰምታ ቀና አለች።

«የሽንዲ ደንበኛሽን አገኘሻት? ዕቃው ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ዓይኗስ?»

«ደህና ነው፣ እማ።»

እጇን ዘርግታ ነጠላዬን ያዘችና ወደ አፍንጫዋ ሳበችው። ደጋግማ አሸተተችው።

«ልብስሽ ጭስ ጭስ ይላል» አለችኝ።

ነጠላዬን ለቀቀችኝና የጀመረችውን ዳዶ በዳበሳ ፈልጋ ማዞሯን ቀጠለች።