ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

የአባቴ መኪና ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። በደረቅ መንገድ በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ደህና ትሄዳለች። ጭቃ ሲመጣ ግን ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ስቦ አራቱንም ጎማ ማሠራት ግድ ነው። ፎር ዊል ማስገባት እንለዋለን። ፎር ዊል ካልገባ ከመንደራችን ከማንኪራ የሚያስወጣው ዳገት በዝናብ አይታሰብም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያቺ ማንሻ አልንቀሳቀስ አለች።

እኔ ቦንጋ ቢሮ ነው የምሠራው። እናቴ ማንኪራ፣ ቡናው መሃል ባለው ቤት ብቻዋን ቀርታለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መንገዱ ይዘጋና ብትታመም የሚደርስላት የለም። ወደ እኔ እንድትመጣ ስለምናት ቆይቼ በመጨረሻ እሺ አለች። «ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጬ የምሄድ ኮረዳ ግን አይደለሁም» አለችኝ። «በአባትህ መኪና ከሆነ እሄዳለሁ።» ዝናቡ ሳይቀድመኝ ማንሻዋን ማላቀቅ ነበረብኝ።

መኪናዋ የቆመችው ከቤቱ ጀርባ፣ በቀርከሃ በታጠረች ጨለማ መጠለያ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ አዲስ የመኪና ባትሪ አስጭኜ ሄድኩ። ሞተሩ ብዙም ሳያስቸግረኝ ተነሳ። ፍሪሲዮን ረግጬ ማንሻዋን ሳብኳት፤ እምቢ። የተጣበቀ ማርሽ ወዲያ ወዲህ ሲሉት ይለቃል ይባላልና ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እየነዳሁ ሞከርኩ፤ እምቢ። ወርጄ የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ያሉትን በእጅ የሚዞሩ መቆለፊያዎች ነካካሁ፤ እነሱ ምንም አልሆኑም። ነገር እምቢ ሲለኝ ቶሎ ደሜ ይፈላል። መሪውን በጡጫ መትቼ ሞተሩን አጠፋሁ።

ድምፁ ግን አልጠፋም።

ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ከእግሬ ሥር፣ ከወለሉ በታች አንድ ነገር ያጉረመርማል። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ አዳመጥኩ። ቀስ እያለ ዝቅ አለ እንጂ አልቆመም። የሚቀዘቅዝ ብረት ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ወረድኩ። እናቴ የመጠለያው በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ሰማኸው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አባትህን ነዋ። ጠዋት ጠዋት እዚህ ተቀምጬ አዋራዋለሁ።» ከእናቴ ጋር የምንነጋገረው በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ነው፤ በካፊኖኖ ስትለው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። ይህን የተናገረችው ጎረቤት እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብላ ነው። ብቸኝነቱ ጭንቅላቷን ነካው ብዬ አዘንኩ። እዚያ ልተዋት እንደማይገባ ያኔ ቆረጥኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት በአሮጌ መኪና ላይ እጃቸው የታወቀ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከቦንጋ ይዤ ተመለስኩ። «ዘይቱ ነው» አሉ ገና ሳያዩት። ዘይቱ ደህና ነበር። «እንግዲያው ከማንሻው የሚወርደው ዘንግ ነው» ብለው የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው ከሥሯ ገቡ። የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ስለሚከልላቸው ላዩን ማየት አልቻሉም።

«ሞተሩን አላጠፋኸውም እንዴ?» አሉኝ ከዚያው ሆነው።

«ዛሬ መቼ አስነሳሁት፣ ጋሼ?»

ሽማግሌ ሰው እንደዚያ ፈጥኖ ከመኪና ሥር ሲወጣ አይቼ አላውቅም። አቧራቸውን ሳያራግፉ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና ማንሻዋ አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ወለሉ ይሞቃል። መኪናዋ ሳምንት ሙሉ ቆማለች፣ ጠዋቱ ጭጋግ ነው፣ የበሩ ብረት በረዶ ነው፤ እዚያች ቦታ ላይ ግን የተኛ ሰው ገላ የሚያህል ሙቀት ነበር። በመዳፌ በኩል ስስ ንዝረት ተሰማኝ።

«ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» አሉ ጋሼ። መንገድ ከጀመርን በኋላ ፒንሳቸውን ከመኪናው ሥር እንደረሱት ትዝ አላቸው። ልመለስላቸው ስል «እዚያው ይቆይ» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ቢሮ ቁጭ ብዬ ያ ሙቀት መዳፌ ላይ ያለ ይመስለኝና እጄን ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ። ደመናው ግን ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ የማንሻዋን የጎማ ሽፋን ፈትቼ ከላይ በኩል ለማየት ቆርጬ ነበር።

ብሎኖቹ ፈጥነው ወጡ። ሽፋኑ ግን ተጣብቋል፤ በካቻቢቴ ፈልቅቄ ሳነሳው ቡናማ ሙጫ እንደ ክር ተስቦ ተበጠሰ። ጣቴን አሸተትኩት። የአባቴ ሸሚዝ ሽታ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የስልኬን መብራት ወደ ቀዳዳው አበራሁ። ጨለማው ተንቀሳቀሰ።

ንቦች ነበሩ። በማንሻዋ ዘንግ ዙሪያ፣ ከወለሉና ከካምቢዮው መሃል ባለው ክፍተት፣ ሰም ከሰም ደርበው ሠርተዋል። ዘንጉንም እንደ ምሰሶ ይዘው በሙጫቸው ለጥፈውታል።

እንዴት እንደገቡ ለመገመት ጊዜ አልወሰደብኝም። አባቴ ቀፎ ሠሪ ነበር። አዲስ ቀፎ ዛፍ ላይ ከመሰቀሉ በፊት ንብ እንዲስብ ጥሩ መዓዛ ባለው ቅጠል ጭስ ይታጠናል። ውጭ ዝናብ አላሠራ ሲለው አባቴ ቀፎዎቹን መኪናው ውስጥ ደርድሮ፣ በር ዘግቶ ያጥናቸው ነበር። ጎረቤቶች ይስቁበት ነበር። ለዓመታት ቀፎ ሲያጥን ሸሚዙንም መኪናዋንም አብሮ አጥኗል። እሱ ሲሞት ቆመች፣ ጸጥ አለች፤ ንቦቹ ደግሞ ባዶ ቤት ያገኙ መሰላቸው።

«እማዬ!» ብዬ እየሳቅኩ ሮጥኩ። «ንብ ነው! ንብ ነው እኮ!»

እናቴ ቡና ከምትለቅምበት ሰፌድ ቀና እንኳ አላለችም። «ንብ መሆኑን የማላውቅ መሰለህ?» አለችኝ። «የማን ሚስት ነኝ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማንሻው ከተላቀቀማ ትወስደኛለህ።»

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ሰፌዱን አስቀመጠችና ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። «ቃል ቃል ነው» አለች።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አባቴ ሳይሰቅለው የቀረውን ቀፎ ከጣራው ሥር አወረደች። ጨርቅ አጭሳ፣ በባዶ እጇ እፍኝ እፍኝ እያደረገች አዛወረቻቸው። አንዴም አልነደፏትም፤ እኔን ራቅ ብዬ ቆሜ ሁለት ቦታ ነደፉኝ። የቀረውን ሙጫ በፈላ ውኃ አለቀለቅን። ማንሻዋ ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ በሁለት ጣት ትገባ ጀመር።

በማግስቱ የመጀመሪያው ዝናብ እየጣለ ወጣን። እናቴ ቀፎውን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ዳገቱ ላይ አራቱም ጎማ ጭቃውን እየቧጠጠ ሲያወጣን ጆሮዋን ነጠላው ላይ አስጠግታ «እየገፋልን ነው» አለች። ፀጉሬ ቆሞ ነበር።

ቀፎውን ግቢዬ ውስጥ አቮካዶው ላይ ሰቀልነው። ብዙም ሳይቆይ ንቦቹ ወጥተው ባዶ ሆነ። እናቴ ሥሩ ቆማ አየችውና «ቤቱን ፈልጎ ሄደ» አለች፤ ሳትከፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሷን በጥቅል አሥራ በሯ አጠገብ አስቀመጠች። ጠዋት ወደ ቢሮ ስወጣ ትጠይቀኛለች፦

«ማንሻው ይሠራል?»

«ይሠራል፣ እማዬ።»

«ጥሩ።»

ክረምቱ ሁሉ እንዲህ አለፈ። እኔ በባጃጅ እየሄድኩ መኪናዋን ከመጣን ወዲህ አልነካኋትም፤ ጥቅሉ ግን ከበሩ አልተነሳም። ዝናቡ ማባራት ሲጀምር፣ መንገዱ ሊከፈት ሲል፣ እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ። ያ ባዶ ቤት፣ ጉልበቷ፣ ብቻዋን የምትቀመጥበት ጠዋት ሁሉ በአንዴ ታየኝ።

«እንደገና ተጣብቋል» አልኳት።

እናቴ ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። ውሸቴን በአንዴ እንዳወቀችው ገባኝ፤ በዚህ መንገድ እሷ ቀድማኛለች።

«ንብ ገብቶበት ይሆናል» አለችና ፈገግ አለች።

አፍሬ ወጣሁ። ቢያንስ አይቼው የመጣሁ እንዲመስል መኪናዋን ከፍቼ ገባሁ፣ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ማንሻዋን በሁለት ጣት ያዝኳት። አልመጣችም። በሙሉ እጄ ሳብኳት፤ እምቢ። መዳፌን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ፤ ይሞቃል።