ወርቅነሽ የመረጠችው ሆስፒታል

የባሌ እህት ወርቅነሽ ልጄን ከእጄ የወሰደችው አምና ለመስቀል ከአዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ነው። ጊዜውን የምጠቅሰው ሕመሙም በዚያው ሰሞን ስለ ጀመረ ነው። ልጄ ሰናይት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ራሴን አመመኝ አለች። ጫማዋ አልገባ አላት። የጋብቻ ቀለበቷን በሳሙና አወለቅነው።

እኔ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰናይትን ብቻዬን ነው ያሳደግኋት። በእኛ ቤት ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትታረሰው እናቷ ዘንድ ነው። መውለዱ ዛሬ ሐኪም ቤት ቢሆንም መታረሱ ከእናት ቤት አይወጣም። ቅቤውን አንጥሬ፣ ቡላውን አዘጋጅቼ፣ የምትተኛበትን ክፍል አስለስኜ ነበር። የእርግዝና ክትትሏም እዚሁ ቡታጅራ ነበር።

ወርቅነሽ ያበጠ እግሯን አይታ ሳቀች። "ይሄማ የክትፎው ነው! ለመሆኑ የት ልትወልድ ነው?"

"እዚሁ ነዋ" አልኳት።

"እኔ መርካቶ ቁጭ ብዬ የወንድሜ ልጅ ቡታጅራ ትውለድ? ሰው ምን ይለኛል?"

ሰናይት እምቢ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነበር፤ በስልክ ፈቀደ። በማግስቱ ሰናይት ሻንጣዋን ይዛ የወርቅነሽ መኪና ውስጥ ገባች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "እማ፣ እደውላለሁ" አለችኝ። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። ያ ደስታ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ወርቅነሽ ልጅ አልወለደችም። የምታውቀው አራስ መጠየቅ ነው። ሆስፒታሉንም የመረጠችው በጠያቂ ዓይን ነው። የምታውቃቸው የነጋዴ ሚስቶች የሚወልዱበት ባለ መስታወት ሕንጻ ነበር፤ ለጠያቂ ሶፋ፣ አሳንሰር፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያለው። ሰናይት የክፍሉን ፎቶ ላከችልኝ። መጋረጃውን አየሁ፣ አበባውን አየሁ። ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን የሚሆን ክፍል ይኑረው አይኑረው ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አልጠየቁም።

በስልክ ስንነጋገር ራስ ምታቱ እንዳልተዋት ነገረችኝ። "ዛሬውኑ ግፊትሽን ተለኪ" አልኳት። ወርቅነሽ ስልኩን ተቀበለቻት።

"አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ሐኪም ሞልቷል። ቀጠሮዋ ሲደርስ እወስዳታለሁ። አንቺ በርበሬሽን ሽጪ!"

ጥቂት ቀን ቆይቶ ገበያ ላይ እያለሁ ሰናይት ደወለች። "እማ፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል" አለች። ኬሻዎቹን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ በለበስኩት የገበያ ልብስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ስደርስ ሆስፒታሉ ገብታ ነበር። ፊቷ አብጦ ልጄ አልመስል አለችኝ። ሐኪሙ ለእኔም ለወርቅነሽም አስረዳን።

"ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። የደም ግፊቷ በጣም ጨምሯል፤ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን አለ። መፍትሔው ማዋለድ ነው። ሕፃኗ ግን ገና ናት፤ እኛ ደግሞ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና የለንም። ሪፈር እንጽፋለን።"

"አልጋ ይዘናል እኮ!" አለች ወርቅነሽ።

"ለእናቲቱ አልጋ አለ እትዬ። የሌለን ለሕፃኗ ነው።"

በአምቡላንስ ወደ ሪፈራሉ ስንሄድ መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ነበር። አምቡላንሱ ይጮኻል። የሚያሳልፍ የለም። ሰናይት እጄን ለቀቀች። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። አንቀጠቀጣት። ምላሷን ነከሰች። ደም አየሁ። አብራን የተሳፈረችው ነርስ በጎኗ አስተኛቻት። ኦክስጅን አደረገችላት። መንቀጥቀጡን የሚያቆመውን ማግኒዥየም ሰልፌት ሰጠቻት። ስሟን ጠራሁ። ወርቅነሽም ጠራች። ለሁለታችንም አልመለሰችም።

የመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታሉ በር ላይ ሲጠብቁን ነበር። በቀጥታ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። እዚያ ሶፋ የለም። ወርቅነሽ በዚያ ውድ ልብሷ ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሕፃኗ በሕይወት ወጣች። የአንድ እጅ መዳፍ ታህል ነበር። ሰናይት ግን አልነቃችም።

ሕፃኗ ትንሽ ስትረጋጋ አንዲት ነርስ ወደ እኛ መጣች። "እናትየዋ ገና ናት። ሕፃኗን ገላ ለገላ አቅፎ የሚያሞቃት ሰው እንፈልጋለን" አለች። ተነሣሁ። ነርሷ ጠጋ ብላኝ አስነጠሳት።

"ማዘር፣ በርበሬ በርበሬ ይላሉ እኮ! የሕፃኗ ሳንባ አይችለውም። ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው ይምጡ።"

ቅያሪ ልብስ አልነበረኝም። ወርቅነሽ የልብሷን ቁልፍ እየፈታች ነበር።

የልጅ ልጄ መጀመሪያ ያረፈችው በወርቅነሽ ደረት ላይ ነው። በበሩ መስታወት አየኋቸው። ወርቅነሽ ዓይኗን ጨፍና ታለቅስ ነበር። ልጄ ከሞት ጋር እየታገለች፣ እኔ በዚያች ሰዓት የተመኘሁት የወርቅነሽን ቦታ ነበር።

ሰናይት ስትነቃ መጀመሪያ ስለ ሕፃኗ ጠየቀች። ማን እንዳቀፈቻት ሲነግሯት "እግዜር ይስጥልኝ አክስቴ" አለች። እኔ በግርጌዋ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ቀስ በቀስ ወደ ብርሃን ያወጡን ነበሩ፤ ግፊቷ በኪኒን ወረደ፣ ዓይኗ ጠራ፣ ቁስሏ ደረቀ፣ ከጡቷ የታለበው ወተት በቀጭን ቱቦ ለሕፃኗ እየተሰጠ ልጅቷ ሥጋ መልበስ ጀመረች። እኔም ልብስ ገዝቼ፣ ገላዬን ደጋግሜ ታጥቤ፣ ተራዬን ጠብቄ አቀፍኳት። ተራዬ ሲያልቅ የማስረክባት ለወርቅነሽ ነበር።

ይህን ለምታነቡ እርጉዞችና እናቶች የምለው አለኝ። ትልቅ ከተማ ለመውለድ ከሄዳችሁ ሕንጻውን አትዩ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ቢመጣ የት ታደርጉታላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ደም አለ ወይ፣ ሌሊት ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሐኪም ግቢ ውስጥ ያድራል ወይ በሉ። ወደ ሌላ ቦታ የሚልኳችሁ ከሆነ፣ ከመታመማችሁ በፊት መንገዱን እወቁት። እግርና ፊት ሲያብጥ፣ ራስ ምታት አልለቅ ሲል፣ ዓይን ብልጭ ብልጭ ሲል ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያችው ሰዓት ሂዱ። በዓል ነው፣ ምግቡ ነው የሚላችሁን አትስሙ።

አምቡላንስ ውስጥ ልጄን የያዘችልኝን ነርስ፣ ኦፕራሲዮን ያደረጓትን ሐኪሞች፣ አስነጥሷት የመለሰችኝን ነርስ ሳይቀር አመሰግናለሁ። ትክክል ነበረች። ወርቅነሽም ደረቷን ሰጥታለች፤ አልክድም።

ወርቅነሽ ለአራሷ ቤቷ ውስጥ ክፍል አዘጋጅታ ነበር። እኔ ከሆስፒታሉ በር ልጄንና የልጅ ልጄን በኮንትራት መኪና ቡታጅራ አስገባኋቸው። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ወርቅነሽ የክርስትና ልብስ ይዛ መጣች፤ የክርስትና እናቷ እሷ እንደምትሆን ለሰው ሁሉ ነግራ ነበር። እኔ ለቄሱ ቀድሜ የነገርኩት ቡኢ ከተማ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ስም ነው። ልብሱን ተቀበልኳት። ሕፃኗን አላስታቀፍኳትም።