ጀርባዬን ለበር የሰጠሁበት ምሽት

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ማይክ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው፣ ታገሡኝ። ጎባ ተወልጄ ያደግኩ፣ እዚሁ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ የምማር ልጅ ነኝ። ጌታ ምሽቴን እንዴት እንደመለሰልኝ ሳልናገር ብውል ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ነው የወጣሁት። አትሳቁ፣ እንቅልፍ ለኔ ቀልድ አይደለም!

የኛ ቤት አንድ ልማድ ነበረው። ፀሐይ ስትገባ በር ይዘጋል፣ መወርወሪያው ይገባል፣ ከዚያ አንድ ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። ሌላው እስኪተኛ አይነሣም። ዘብ መቀመጥ እንለዋለን። የጀመሩት የአያቴ አያት ናቸው፤ ከሸዋ ከጦሩ ጋር መጥተው ጎባ ከሰፈሩት አንዱ ነበሩ። የተሰጣቸው መሬት ሰው የነበረበት መሬት ነው። ባለቤቶቹ አንድ ማታ ይመለሳሉ ብለው ፈሩ፣ ተቀመጡ። ልጃቸው ተቀመጠ፣ የልጅ ልጃቸው አባባም ተቀመጡ፤ አባባ የምለው አያቴን ነው። "ማንን ነው የምንጠብቀው?" ብዬ ስጠይቃቸው፣ "ተቀመጪ ተብለሻል፣ ተቀመጪ!" ነበር መልሳቸው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ተራ ነበረኝ።

ታዲያ ይህን ልማድ ይዤ ዶርም ገባሁላችሁ! ጀምበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ልቤ ይደልቃል። አልጋዬ ላይ እወጣና ግድግዳውን ተደግፌ በሩ ላይ አፈጥጣለሁ። ጓደኞቼ "በነፃ ዘበኛ አገኘን" ይሉኛል። ማንበብ የለ፣ ማረፍ የለ፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ደብተሬ ላይ እደፋለሁ። ዋርኒንግ ገባሁ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ካልተስተካከለ መባረሬ ነው፤ እናቴ ደግሞ የምረቃ ልብሴን በሐሳቧ ሰፍታ ጨርሳለች።

ልቤን ታምሜያለሁ ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መረመረኝና "ልብሽ ምንም አልሆነም። ማታ ማታ ምንድነው የምትሠሪው?" አለኝ። "በር አያለሁ" አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ለምሽትሽ ሥርዓት አብጂለት" አለኝ። "ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅርብሽ፣ ሲመሽ ስልክሽን አርቂው፣ እግርሽን በሞቀ ውሃ ታጠቢ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተኚ።" ጥሩ ምክር ነው፣ ጌታ ይባርከው፣ ዛሬም እከተለዋለሁ። ሁሉንም አደረግኩ። ስልኬን ሎከር ውስጥ ቆለፍኩ፣ ያንን የሮቤ ብርድ ተቋቁሜ ውሃ አሙቄ እግሬን ታጠብኩ። ከዚያስ? ንጹሕ እግሬን አጣጥፌ በር ማየት!

ከዶርም ጓደኞቼ አንዷ ሀዊ ትባላለች፤ ከተራራው ማዶ አንገቱ ከምትባል አገር የመጣች፣ ጌታን የምታውቅ ልጅ። እሷ ሲመሽ አልጋዋ ሥር ትንበረከካለች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ! በሩ ገርበብ እንዳለ! አንድ ቀን አላስቻለኝም። "አንቺ ልጅ፣ ማን እንደሚገባ አታዪም እንዴ?" አልኳት። "የሚያይልኝ አለ" አለችኝና መዝሙሯን ቀጠለች። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁባት።

ለሴሚስተር እረፍት "ነዪ፣ ቤታችንን እዪ" አለችኝ። የሳነቴን ተራራ አቋርጠን፣ የሐረናን ጫካ ወርደን አንገቱ ገባን። ሴት አያቷን አኮ ነው የሚሏቸው፣ በኦሮምኛ አያቴ እንደማለት ነው። "አካም ጂርታ?" እያሉ እጄን ይዘው አስገቡኝ፣ ወተት ቀዱልኝ። የጎባ ልጅ ስለሆንኩ ኦሮምኛ አያቅተኝም፣ ጨዋታችን ደራ። ፀሐይዋ ከጫካው ጀርባ ገባች። አኮ ተነሡ። በሩን ዘጉ። ወፍራም እንጨት አጋደሙበት። ከዚያ፣ ወገኖቼ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቁጭ!

"ኢየሱስ!" ብዬ ጮህኩ። ያኔ ገና አላመንኩም፣ ግን ከአፌ አመለጠ። "አኮ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?"

"የድሮ ነገር ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "የኛ ሰዎች አገራቸው ጎባ ነበር። ወታደር መጣ፣ መሬቱን ወሰደ፣ እነሱ ሸሽተው ወደ ጫካው ወረዱ። ተከትለውን ይመጣሉ እያሉ በር ሲያዩ ኖሩ። እናቴም ተቀመጠች፣ እኔም ይኸው።"

"እነማን ናቸው የሚመጡት?"

"እነሱ ናቸዋ! የጎባዎቹ።"

ወገኖቼ፣ ደርቄ ቀረሁ! አባባ ከተራራው ማዶ እነሱን ፈርተው በር ያያሉ፤ እነሱ እዚህ እኛን ፈርተው በር ያያሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው አልመጣም! ነገርኳቸው። "አኮ፣ የጎባዎቹ እኛ ነን። አያቴ አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ እናንተን እየጠበቁ ተቀምጠዋል።"

ሀዊ አፏን በእጇ ያዘች። አኮ ወደ እኔ ዞሩ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። በሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በእጄ የያዝኩትን ብርጭቆ አዩና "ታዲያ የምጠብቀው ሰው ገብቶ ወተቴን እየጠጣ ነው እኮ!" ብለው ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው አለቀሱ። "መሬቱ ግን የኛ ነበር" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "አዎ፣ የእናንተ ነበር" አልኳቸው። ከኛ ቤት ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሀዊ ሁለታችንንም ያዘችና ጸለየች። "ጌታ ሆይ፣ አንተ የማትተኛ ጠባቂ ነህ፣ ሁለቱንም ቤት አሳርፍ።" ደረቴ ላይ ተጭኖ የኖረው ነገር ሲነሣልኝ ተሰማኝ፤ ሃሌሉያ! እዚያው ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። ጀርባዬ ወዴት እንደነበረ ያወቅኩት ከተነሣሁ በኋላ ነው። ለበሩ!

ጎባ ስመለስ ለአባባ ነገርኳቸው። ጌታን መቀበሌን አልወደዱትም፤ የአኮን ነገር ግን ደጋግመው አስነገሩኝ። "ዕድሜያቸው እንዴት ነው?" አሉኝ። "እንደ እርስዎ ናቸው" አልኳቸው። "ይደክማቸዋል እኮ" አሉ። ቀጥለውም "ደውይና ንገሪልኝ። አልመጣም፣ ይተኙ በያቸው" አሉኝ። ደወልኩ። አኮም "እሱስ ምን አስቀመጠው? ይተኛ በዪው" አሉ።

ዛሬ ከዋርኒንግ ወጥቻለሁ፣ ክብሩን ጌታ ይውሰድ! ምሽቴ ሥርዓት አለው፤ ስልኬ ሎከር ይገባል፣ እግሬን እታጠባለሁ፣ ከሀዊ ጋር ዘምረን፣ ተንበርክከን ጸልየን እንተኛለን። ከመካከላችሁ ማታ ማታ በር የሚያይ አለ? ማንን እንደሚጠብቅ እንኳ ሳያውቅ የሚፈራ? ወንድሜ፣ እህቴ፣ ያንን ተራ ለጌታ ልቀቁለት፤ እሱ አይደክመውም።

ትናንት ፀሐይ እንደገባች፣ ስልኬን ሎከር ሳላስገባ ቤት ደወልኩ። እናቴ አነሣች። "አባባን አቅርቢልኝ" አልኳት።

እንዳትቀሰቅሳቸው ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ተኝተዋል" አለችኝ።