ስምንተኛዋ ግመል

የልጅ ልጆቼ የግመሎቹን ተረት ትምህርት ቤት ሰምተው መጡና፣ «አያቴ፣ ይህንን እኔም አውቀዋለሁ ትይ የለ? በይ ንገሪን» አሉኝ።

ተረቱንማ ፊደል ሳልቆጥር ከአባቴ ነው የሰማሁት። አንድ ሰው ሰባት ግመል ትቶ ይሞታል። ለታላቁ ልጅ ግማሹ፣ ለመካከለኛው ሩቡ፣ ለታናሹ የሩቡ ግማሽ ይሁን ብሎ ተናዟል። ሰባት ደግሞ ካላረዱ በቀር እንዲህ አይከፈልም። መንገደኛ መጣና የራሱን ግመል ጨመረላቸው፤ ስምንት ሆኑ። አንዱ አራት፣ አንዱ ሁለት፣ አንዱ አንድ ወሰደ። የመንገደኛው ግመል ተርፋ ይዟት ሄደ።

እኔ ግን ያ መንገደኛ ሆኜ አውቃለሁ።

ያኔ ሻይ ቅጠልና ስኳር በአንዲት ግመል ጭኜ በገጠሩ እዞር ነበር። ኡራን የሚባል መንደር፣ የውሃ ጉድጓዱ ጋ ስደርስ ሦስት ወንድማማቾች ቆንጨራ ይዘው ተፋጠዋል። አባታቸው ሞቶ፣ ልክ እንደ ተረቱ ግማሽ፣ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ ብሎላቸዋል። ሽማግሌዎቹ ለምነው ለምነው ደክሟቸው ተቀምጠዋል። አፌ ቀደመኝ። ተረቱን ነገርኳቸውና የእኔን ጨምሩ አልኩ።

ታናሹ፣ «ደግሞ ሻይ ቅጠል ሻጭ ዳኛ ሆነች» ብሎ አላገጠብኝ። ታላቁ ግን የግመሌን ገመድ ከእጄ ተቀበለ።

ፍርሃቱ የመጣብኝ ያን ጊዜ ነው። በዚያ አገር ከብት በስሙ ይጠራል እንጂ አይቆጠርም፤ ከተቆጠረ ይጎድላል ይላሉ። ስንት ናቸው ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። ሰባት ባይሆኑስ? ከዚያች ግመሌ ሌላ ምን አለኝ? ጉድጓዱ ዙሪያ የስንቱ ሰው ግመል ተደባልቋል፤ የእነሱን ከሌላው አልለይም። ታናናሾቹም ከከተማ የመጡ ናቸው፤ መንጋውን የሚያውቀው ታላቁ ብቻ ነው።

እሱም በስም እየጠራ ያወጣ ጀመር። ለታናሹ አንድ ሰጠ። ለመካከለኛው ሁለት። ለራሱ ሦስት አወጣና ቆመ። ዓይኑ የእኔዋ ላይ አረፈ።

መካከለኛው፣ «ግማሽህ ይኸው ነው?» አለው።

«አራተኛዋ ኦቦ መስክ፣ ግጦሽ ላይ ቀርታለች» አለ ታላቁ። ከዚያ ገመዱን መለሰልኝ። «እማማ፣ ግመልሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈርቼ ጎዶማ መንደር እስክደርስ ዞር ብዬ አላየሁም። እንኳን ስኳር ልሸጥ፣ ውሃም አልጠጣሁ። የአባቴ ተረት አዳነኝ እያልኩ ነበር የምሄደው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሞያሌ ገበያ ላይ የታላቁን ሚስት አገኘኋት። እንደነገረችኝ፣ ኦቦ መስክ ቀረች የተባለችው ግመል አባታቸው ከመሞቱ በፊት በድርቁ ሞታ ነበር።