የልብስ ሰፊው ወፎች

መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ከኋላ ገፍተው ሲያስገቡኝ በደረቴ ስለወደቅሁ ሌላ የማየው ነገር አልነበረም። ሲሚንቶ ነው፤ መሐሉ ላይ የመኪና ዘይት የጠጣ ሰፊ ጥቁር እድፍ አለ። ክፍሉ የአንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ነበር። መኪናው ተወስዶ እኛ ገባንበት፤ ሠላሳ አንድ ሰው። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ብረት የተሰካባት ክንድ የምታህል የአየር ማስገቢያ ብቻ ነበረችው። በማግስቱ ልብሴም ፀጉሬም ነዳጅ ነዳጅ ይል ጀመር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተማሪ ነበርኩ፤ የኅቡዕ ቡድን አባልም ነበርኩ። ጥቂት መጻሕፍት ስላነበብኩ ብዙ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት እስረኞቹ የክፍሉ ተጠሪ አድርገው መረጡኝ። ተጠሪ ማለት የመኝታ ተራ የሚያወጣ፣ ከየቤቱ የሚመጣውን ምግብ የሚያከፋፍል፣ ጠባቂዎቹ አንድ ነገር ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚጠሩት ሰው ነው። እኔ ግን በዚህ አልበቃኝም። ጠዋት ጠዋት ውይይት አቋቋምኩ፤ ማን ምን እንደሚያስብ፣ ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ መጠየቅና ማረም ጀመርኩ።

ከአየር ማስገቢያዋ ሥር አንድ ልብስ ሰፊ ይተኙ ነበር። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ከማጎንበስ ብዛት ወደ ፊት የመጣ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። የታሰሩት አንድ ደንበኛ እንዲያሳጥሩለት በሰጣቸው ካፖርት ገበር ውስጥ ወረቀት ተገኝቶ ነው። ያቺ ቦታ ብርድ ስለሚገባባት የሚፈልጋት አልነበረም። እሳቸው ግን ለምነው ወሰዷት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወፍ ይሰሙባት ነበር።

ጎህ ሲቀድ ይነሱና ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ጆሯቸውን ወደ ቀዳዳዋ ያዘነብላሉ። የጣት ጫፍ የምታህል እርሳስ ነበረቻቸው። የሰሙትን በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ጀርባ ላይ ይጽፋሉ። ቁራ ከሆነ «ቁ»፣ ዋኔ ከሆነ «ዋ»፣ ድንቢጥ ከሆነ «ድ»፤ ከፊደሉ አጠገብ ስንት ጊዜ እንደሰሙ በቁጥር። ነፃ ሰው በነበሩ ጊዜ እሑድ እሑድ ከከተማ ወጣ ብለው ባሕር ዛፍ ውስጥ እየተቀመጡ ለሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ሲጽፉ ኖረዋል። ማንም አላስተማራቸውም፤ ጻፉ ያላቸውም የለም።

አንድ ቀን በውይይቱ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይህ ነገር ለምን እንደሚጠቅም ጠየቅኋቸው።

«ለምንም» አሉኝ። «ስፌቱ እንጀራዬ ነው። ይሄኛው ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ዛሬ ሁሉንም አላስታውሰውም፤ ባላስታውሰው ደስ ይለኛል። ውጭ የሰው ልጅ እንደ ቅጠል እየረገፈ ወፍ መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሳቸው ወረቀቷን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጽፉት ጀርባቸውን ወደኛ አዙረው ሆነ። አየሁ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

አንድ ማክሰኞ ፍተሻ መጣ። እኔ በጫማዬ ገበር ሥር ወደ ውጭ የምትላክ ደብዳቤ ነበረችኝ፤ የሁለት ጓዶች ስም ተጽፎባታል። ፈታሾቹ ከበሩ ጀምረው ሰሌን በሰሌን እየገለበጡ መጡ። እኔ ጋ ለመድረስ አራት ሰው ሲቀራቸው ከልብስ ሰፊው ሰሌን ሥር ወረቀቶቹን አገኙ። አንዱ አነበበ፤ ለሌላው አሳየው። ፍተሻው እዚያው ቆመ። ወረቀቶቹን ሰብስበው፣ ተጠሪው ማን ነው ብለው እኔን ይዘውኝ ወጡ።

ያስገቡኝ የቪላው መመገቢያ ወደነበረው ክፍል ነው። መርማሪው ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነበር። ጉንፋን ይዞታል፤ አፍንጫውን ቶሎ ቶሎ በመሐረብ ይጠርግ ነበር። ወረቀቶቹን እንደ ካርታ ጨዋታ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ቁ ማን ነው?» አለኝ። «ዋ ማን ነው? ይሄ ስድስትስ? ስድስት ምንድን ነው?»

ቁራ ነው፣ ዋኔ ነው፣ ስድስት ጊዜ ጮኸች ማለት ነው ብል ያበቃ ነበር። ምናልባት አያምነኝም፤ ቢሆንም ማለት እችል ነበር። ያኔ በአእምሮዬ የሄደውን በትክክል ነው የማስታውሰው። እነዚህ ወረቀቶች ላይ ሲያፈጡ ጫማዬን አያዩም ብዬ አሰብኩ። ለትግሉ ነው ብዬም አሰብኩ። ሁለቱ ሐሳቦች አንድ ላይ መጡ፤ የትኛው እንደቀደመ ግን አውቃለሁ።

«አላውቅም» አልኩ። «እሱን ጠይቁት።»

እሳቸውን እንኳ አላልኩም። እሱን ነው ያልኩት።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ደብዳቤዋን ቀዳድጄ የሽንት ባልዲው ውስጥ ከተትኳት። ልብስ ሰፊውን ከምሳ በኋላ ወሰዷቸው። ሲወጡ ማንንም አላዩም፤ ጫማቸውን አስተካክለው አጠለቁና ሄዱ።

ሁለት ቀን አልተመለሱም። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጧቸው። ጫማቸው በእግራቸው አልነበረም፤ ሊገባላቸውም አይችልም ነበር። ቀኝ እጃቸው በሸሚዛቸው ተጠቅልሏል። ቦታቸው ላይ አስተኛናቸው። ውኃ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ትንሽ ቆይተው የሆነውን ነገሩን። ወፍ ነው ቢሉ የሚያምናቸው አጥተዋል። በመጨረሻ የገጠር ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ እኔ ልፈትነው ብለው ግቢ ውስጥ አስቀመጧቸው። ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው፣ ያኛውስ እያሉ ጠየቋቸው። ሁሉንም መለሱ። ዘበኛው ስቀው ለመርማሪው ሰውየው ወፍ ወዳድ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም አሉት። በዚያ አበቃ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የክፍሉ ተጠሪም አላውቅም ብሏል አሉኝ።»

የያዝኩትን ውኃ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። የልብስ ልክ እንደሚወስድ ሰው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «አላስተማርኩህማ። ከነገ ጀምሮ ላስተምርህ፤ ሌላ ጊዜ ሲጠይቁህ እንድታውቅ።»

ሽሙጥ ይሁን ምሕረት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። በድምፃቸው ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አስቀምጡኝ አሉ። ሁለት ሰው ደግፎ ግድግዳው ላይ አስደገፋቸው። ወረቀት የለም፤ እርሳሷም ተወስዳለች፤ እጃቸውም አይጽፍም። ስለዚህ ጮክ ብለው መናገር ጀመሩ። በአጭሩ አይደለም፤ ሙሉ ስሙን፣ ከበሩ ውጭ የቆመው ጠባቂ እንዲሰማ አድርገው። «ዋኔ፤ ሁለት። ቁራ፤ አንድ። ድንቢጥ፤ ብዙ።» ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ። የሳቀ አልነበረም። የዚያን ቀን ውይይት አልተደረገም፤ ከዚያ በኋላም አልተደረገም።

እንዳሉትም አስተማሩኝ። የወንዱን ከሴቷ፣ የሚያስጠነቅቀውን ከሚጣራው መለየት። ስሳሳት አይቆጡም፤ «አሁንም አዳምጥ» ብቻ ይሉኛል። ከሰባት ሳምንት በኋላ እኔን ወደ ሌላ እስር ቤት አዛወሩኝ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ነው የወጣሁት። በር ላይ ግርግር ነበር ብዬ ለራሴ ብዙ ዓመት ነገርኩት። ግርግር አልነበረም።

አራት ዓመት ታሰርኩ። ከዚያ በሱዳን አድርጌ እዚህ ፍራንክፈርት ደረስኩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የኡ-ባን ባቡር ሹፌር ሆኜ ከመሬት በታች ሠራሁ። እዚያ ወፍ የለም፤ ሥራውን የወደድኩት በዚያም ይሆናል።

የዛሬ አሥር ዓመት ግድም አዲስ አበባ ስሄድ የልብስ ስፌት ቤቱን አፈላልጌ አገኘሁት። የስልክ መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። ከኋላው ባለው ቤት ሴት ልጃቸው ትኖራለች። አባቷ ከሰባት ወር በኋላ ተፈትተው ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት ኖረው በአልጋቸው ላይ ነው ያረፉት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባባ ስለ እርስዎ ሁሌ ያወራ ነበር» አለችኝ። «እስር ቤት ውስጥ አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ወፍ አስተማርኩት፣ ጎበዝ ነበር ይል ነበር።»

አዎ አልኳት። ሻይ አፈላችልኝ፤ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። የአባቷን ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ስልክ ቁጥሯን ጽፌ ወጣሁ። እንዲህ ሁለተኛ ጊዜ፣ ማንም ሳያስፈራራኝ፣ ዝም አልኩ።

ሬንተ፣ ማለት ጡረታ፣ ከወጣሁ በኋላ በምኖርበት በሪደርቫልድ ሰፈር ከአንድ ትንሽ የወፍ ፌራይን፣ ከወፍ ወዳጆች ማኅበር፣ ጋር እሑድ ጠዋት መውጣት ጀምሬያለሁ። ስምንት ነን። ጡረታ የወጣ ጣሪያ ሠሪ አለ፣ የጥርስ ሐኪም አለ፣ አውቶቡስ ትነዳ የነበረች ሴት አለች። የአንዳችንም ሙያ አይደለም። ዛፍ ሥር ቆመን እንሰማለን፤ አንዱ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ወደየቤታችን እንሄዳለን። የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ ከአባቴ ነው እላቸው ነበር። ሴት ልጄም የምታውቀው ይህንኑ ነው።

በዚህ ዓመት ጸደይ ስለ አገሬ ወፎች አንድ ፎርትራግ፣ አጭር ንግግር፣ እንዳቀርብ ለመኑኝ። በጓሮ አትክልት ግቢ ውስጥ ባለች የእንጨት ቤት ተሰበሰብን። ልጄ ፎቶዎቹን በማሽን ግድግዳው ላይ ለማሳየት መጥታ ነበር። የዋኔ ሥዕል ሲመጣ አባቴ አንድ ቀን እንኳ ስለ ወፍ አውርቶኝ እንደማያውቅ ተናገርኩ። ከዚያ የቀረውን ነገርኳቸው። በጀርመንኛ ስለሆነ አጭር ሆነ። «እሱን ጠይቁት» ማለቴ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳቸው ሞክሬ አቃተኝ፤ በቋንቋቸው እሱና እሳቸው ልዩነት የላቸውም። ልጄ ግን ገብቷታል። ዓይኗን ከማሽኑ ላይ አላነሳችም።

ከዚያ አውቶቡስ ነጂዋ ጠየቀችኝ።

«እጁ ዳነ? ከዚያ በኋላ መስፋት ቻለ?»

አላውቅም ነበር። የአንድ ልብስ ሰፊ ቀኝ እጅ ነው። ቤታቸው ተቀምጬ ሻይ ጠጥቼ፣ ልጃቸውን አልጠየቅኋትም።

ወደ ቤት ስንመለስ በትራም ውስጥ ልጄ ጎኔ ተቀመጠች። ልንወርድ ስንል በጀርመንኛ፣ ደውልላት፣ አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

በማግስቱ ለልብስ ሰፊው ልጅ ደወልኩ። አስታወሰችኝ፤ ጤናዬን ጠየቀች። አባቷ ከተፈቱ በኋላ መስፋት ችለው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉለትም ነበር» አለች። «መቀሱን በግራ እጁ ለመደ። ቁልፍ የምተክለው ግን እኔ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ።»

ያኔ ነገርኳት። ማክሰኞውን፣ ጫማዬን፣ ያልኩትን ቃል በቃል። ስጨርስ የምሰማው በበሯ የሚያልፍ መኪና ጥሩንባ ብቻ ነበር።

«እናቴ ሳትሞት ቢነግሩን ጥሩ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እጁ የተጎዳው በካፖርቱ ምክንያት ነው ብላ ያን ደንበኛ እንደረገመች ነው የሞተችው።»

ላስብበት፣ እደውላለሁ አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ይህ ከሆነ አምስት ሳምንት አለፈ። አልደወለችም። መደወል የለባትም፤ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊው «ደስ ስለሚለኝ ነው» ያሉትን ነገር ዛሬ እኔ ደስ እያለኝ እሠራዋለሁ። ደስታው ራሱ የተሰረቀ የሚመስልባቸው ጠዋቶች አሉ፤ ቢሆንም እወጣለሁ።

ፌራይኑ አንድ ደንብ አለው፤ ጫካ ውስጥ ሲገባ ስልክ ይዘጋል። ባለፈው እሑድ መግቢያው ላይ ቆሜ የእኔን መዝጋት እንደማልችል ነገርኳቸው። ጣሪያ ሠሪው ሊናገር ሲል አውቶቡስ ነጂዋ ክንዱን ነካ አደረገችው። እንግዲያው ከኋላ ሂድ አለችኝ፤ ቢጮኽ ወፎቹ እንዳይበረግጉ።

የልብስ ሰፊው ልጅ ብትደውል ምን እንደምላት አላውቅም። ስልኬን ተዘግቶ እንዳታገኘው ብቻ ነው የምፈልገው። ሰባቱ ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ እከተላለሁ።