ጋሽ እንድሪስና ከሰማይ የሚወድቀው ጀግና

የመርሳው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋሽ እንድሪስ ወደ አኼራ ከሄዱ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ከውርጌሳ፣ ከሲሪንቃና ከወልድያ እየመጣችሁ ዕቃ ያስጠገናችሁ ብዙዎቻችሁ መርዶውን ሰምታችኋል፤ ያልሰማችሁ ካላችሁ አላህ ያጽናችሁ። እኔ ግን ዛሬ ብዕር ያነሣሁት በደስታ ነው። ወልድያ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ የተመለሰችው ልጃቸው ሰሚራ ትናንት ቤታችን ድረስ መጥታ «የአባቴን ሱቅ አልዘጋውም፤ ቅዳሜ እከፍታለሁ» አለችኝ። ሱቁ ቢዘጋ የቅዳሜው ጉባኤያችንም አብሮ መቅረቱ ነበርና፣ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ እልል አልኩ።

ጉባኤውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጋሽ እንድሪስ የጠገኑትን ቴሌቪዥን ወዲያው አያስረክቡም ነበር፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ሠርቶ ካላዩት አያምኑትም። ለሙከራ ከፍላሽ የሚከፍቱት ደግሞ የሱፐርሂሮ ፊልም ነው። «ፍንዳታና ጨለማ ስለሚበዛበት የስክሪን ጉድለት ቶሎ ያጋልጣል» ይሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይወዱትም ነበር። ተማሪዎች በሩ ላይ ተሰብስበን ስናይ፣ ጀግናው ሲበር ፊልሙን ያቆሙና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይጠይቁናል፦ «ይሄ ነገር ይሆናል?»

መልስ ብቻ አይበቃቸውም፤ ምክንያት ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ጀግናው ወገቡ ላይ ባሰራት ትንሽ ባትሪ ሲበር የክፍል ጓደኛዬ ያሲን «ይሆናል! ቴክኖሎጂ ነዋ!» አለ።

«ቴክኖሎጂ ዱዓ መሰለህ እንዴ ያሲንዬ?» አሉና ስልካቸውን ከቻርጀር ነቅለው ጉንጩ ላይ አስነኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ አቃጠለኝ!»

«ስልክ ሲሞላ እንዲህ ከሞቀ፣ ሰው ተሸክሞ የሚበር ባትሪ ወገቡን ምን ያደርገዋል? ያውም በመርሳ ቀትር!»

ያሲን ሳምንቱን ሙሉ «ጥብሱ ጀግና» ተባለ።

የብረት በራቸው ከውስጥ በኩል በጠመኔ ለሦስት ተከፍሎ ነበር፦ ይሆናል፣ አይሆንም፣ ይሞከር። «ፊልሙ ይዋሽ፤ ሥራው ነው። እኛ ግን የቱ ጋ እንደዋሸ እንወቅ» የሚሉትን ሱቁን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ደግነታቸውም በጨዋታ የተሸፈነ ነበር። አንድ የውርጌሳ አዛውንት ራዲዮ ይዘው መጡና መለዋወጫው ጠፋ። ጋሽ እንድሪስ የራሳቸውን ራዲዮ አንሥተው «እስኪሠራልዎ በዚህ ዜና ይስሙ፣ አባ» አሏቸው። አዛውንቱ «አንተስ ምን ልትሰማ ነው?» ቢሏቸው ወደ እኛ እያመለከቱ «እኔማ እነዚህ እያሉልኝ ጸጥታ የት አገኛለሁ?» ብለው ሸኟቸው።

አንድ ቀን ብቻ ተናገሪ ብባል ግን የእንቁላሉን ቀን እናገራለሁ። የብረት ልብስ የለበሰው ጀግና ከደመና ወድቆ፣ አስፋልት ሰንጥቆ፣ አቧራውን አራግፎ ተነሣ። ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው «ይሆናል» በሚለው ሥር ጻፉት። «የድሮ ቴሌቪዥን ከአይሱዙ ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳጥኑ ጭረት እንኳ አልነካው!»

እኔም «ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑስ ሠራ?» አልኩ።

ጓደኞቼ በክርን ጎሸሙኝ፤ ትልቅ ሰው እንዲህ አይጠየቅማ።

«ኧረ ውስጡስ ዱቄት ሆኖ ነበር» አሉ ጋሽ እንድሪስ ቀስ ብለው። «በይ ሞክሪያ!»

ከቤት ሁለት እንቁላል አመጣሁ። (እናቴ ሆይ፣ ድመቷ ንጹሕ ነበረች።) አንዱን በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተን ያሲን ከጣሪያው ላይ ለቀቀው። ጣሳው ደህና ነው። ጋሽ እንድሪስ ክዳኑን ከፍተው አዩና ኮፍያቸውን አስተካክለው «ጀግናችን ዐርፈዋል» አሉ።

ሳቃችን ሳያበቃ ወደ በሩ ሄደው የራሳቸውን ጽሑፍ በእጅጌያቸው አጠፉ፤ «አይሆንም» በሚለው ሥር እንድጽፈውም ጠመኔውን ለእኔ ሰጡኝ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ያረመችኝ እሷ ናት» አሉ፣ ቆመው ለነበሩት ደንበኞች ሁሉ እንዲሰማ። ትልቅ ሰው ለእኔ ቃል ቦታ ሲለቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ብዕር መያዝ የደፈርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሁለተኛውን እንቁላል በቴሌቪዥን ማሸጊያ ስፖንጅ ጠቅልለን በዚያው ጣሳ ብንጥለው ተረፈ። እጃቸው ላይ አገላብጠው አዩትና «ጥንካሬ ብቻውን አያድንም። የሚወድቅ ሰው ቀስ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ይፈልጋል» አሉ። የብረት ልብሱም ወደ «ይሞከር» ተዛወረ። ውስጡ ለስላሳ ከሆነ ማን ያውቃል!

ጋሽ እንድሪስ፣ አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፣ ማረፊያዎንም ጀነት ያድርግልዎ። ሰሚራ «የመጀመሪያውን ቅዳሜ የምትመሪው አንቺ ነሽ» ብላኛለች። መፍራቴን አልደብቅዎትም። የማቀርበው ጥያቄ ሰውን ከዓይን የሚሰውር ልብስ ይሠራል ወይ የሚል ነው፤ እኔ አይሠራም ባይ ነኝ፣ ብርሃን መንገዱን ቀይሮ የሚዞረው ለማን ብሎ ነው? በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ። እናንተ ደግሞ ይህን ያነበባችሁ፣ ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ በሩ ክፍት ነው፤ ኑና ተሳስተሻል በሉኝ።