የስምንት ልጆች አባት

ባሕር ዳር፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ፣ ከዋርካው ሥር፣ አቶ ቢያዝን አንዲት በርጩማና እንደ ጠረጴዛ የሚጽፉበት አንድ የሻይ ሣጥን ይዘው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠዋል። ሥራቸው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ቧንቧ የፈለገ፣ የንግድ ፈቃድ ያስቸገረው፣ ቦይ ደጁን ያጥለቀለቀበት ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የገራው እጃቸው፣ በዚያ በሐምራዊ ቀለማቸው፣ ፊደሉን አሰልፎ ያቆመዋል።

አንድ ዐመል ግን አለባቸው። አመልካቹ ማንም ይሁን ማን «የስምንት ልጆች አባት ስሆን» ብለው ይጽፋሉ። ባሏ የሞተባት ብትመጣ የስምንት ልጆች እናት ናት፤ ጢም ያላበቀለ ሸማኔ ቢመጣም ያው ስምንት ነው። «ከስምንት ካነሰ ሹም አይደነግጥም» ይላሉ። መንግሥት ተለውጦ «ክቡር ሆይ» በ«ጓድ» ሲተካ እንኳ ስምንቱ ልጆች ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። እሳቸው ራሳቸው ግን ልጅ አልወለዱም፤ ሚስታቸውም ከሞተች ቆይታለች።

ጽፈው ሲጨርሱ ለባለጉዳዩ ጮክ ብለው ያነቡለታል። ያልተማረው አውራ ጣቱን ያትምበትና ይዞት ይገባል። አቶ ቢያዝን ያንን በር አንድም ቀን አልፈውት አያውቁም። ወረቀቱ የት እንደሚደርስ ሲጠየቁ «ስኳር ይጠቀለልበታል» ይላሉ፤ የሚያምኑትም ይህንኑ ነበር። ጉዳዩ የተሳካለት ሰው ሊያመሰግን ቢመጣ እንኳ፣ ውስጥ ዘመድ አግኝቶ ነው እንጂ ብለው ያልፉታል።

በ1974 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በበሩ ምሰሶ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መንገዱ ሊሰፋ፣ ዳርና ዳሩም ዘንባባ ሊተከልበት ነው። ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብለው ያነበቡት ራሳቸው አቶ ቢያዝን ነበሩ፤ «በአጥሩ ዙሪያና ከዋርካው ሥር የተቀመጡ ሁሉ እስከ ግንቦት ሠላሳ እንዲነሡ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ነው ነገሩ ለእሳቸውም መሆኑ የገባቸው።

ከዚያ ተነሥተው የት ይሄዳሉ? ማዘጋጃ ቤቱን ትቶ ጓሮ ለጓሮ ጸሐፊ የሚፈልግ ባለጉዳይ የለም። እንጀራቸውም፣ «እንደምን አደሩ» የሚላቸው ሰውም ያለው እዚያው ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ለራሳቸው ለመጻፍ ሞከሩ። «እኔ አመልካች ቢያዝን» ካሉ በኋላ የሚመጣው መስመር ያው ስምንቱ ልጆች ነው፤ እዚያ ላይ እጃቸው ይቆማል። ስለ ሰው ሲጨምሩ ቅር ብሏቸው አያውቅም ነበር፤ ስለ ራሳቸው ሲሆን ግን ውስጣቸውን አንገበገባቸው። በአራተኛው ቀን ብዕራቸውን ትተው በአፋቸው ሊለምኑ ገቡ።

መዝገብ ቤቱን የምትጠብቀው አገርነሽ የምትባል ባለመነጽር ሴት ናት። ስማቸውን በባለጉዳዮች መዝገብ ላይ ሲያሰፍሩ የእጅ ጽሑፋቸውን አይታ ቀና አለች።

«እርስዎ ነዎት ለካ የስምንት ልጆቹ ጸሐፊ» አለችና ሳቀች። «በርስዎ ቁጥር ከሄድን እኮ ይህ ከተማ አዲስ አበባን ከበለጠ ቆየ። ይምጡ ላሳይዎት።»

ተከትለዋት ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ በክር በተሰፋ ፋይል ተሞልቷል። አንዱን ገለጡት፤ ሐምራዊ ቀለም። ሌላውን ገለጡት፤ ያው ሐምራዊ። «የዓባይ ማዶ ነዋሪዎች ቦኖ ይተከልልን» ያሉት ላይ በቀይ «ተተከለ» ተብሎ ቀኑ ተጽፎበታል። እሳቸው ከዚያ ቦኖ ስንት ጊዜ ጠጥተዋል። የመስጊዱ መንገድ መብራት፤ «በራ»። የሙሀመድዘይን ወፍጮ፤ «ፈቃድ ተሰጠ»።

አቶ ቢያዝን ቆባቸውን አወለቁ። ፍርሃት የመሰለ ነገር ያዛቸው፤ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ የቆሙ መሰላቸው። በሩ ላይ ተቀምጠው ያረጁበትን ከተማ፣ ቧንቧውን፣ መብራቱን፣ ሱቁን፣ ለካ መስመር በመስመር ሲጽፉት ኖረዋል።

«እኔማ ስኳር የሚጠቀለልበት መስሎኝ ኖርሁ» አሉ።

«የመጣ ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሄዶ የሚያይም ሰው ይመደብለታል። ያልተፈጸመውም ለምን እንደቀረ ተጽፎበት ይቀመጣል» አለች። «የርስዎም አለ።»

«እኔ አልጻፍሁም።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

ከደብተር የተቀደደ፣ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ሰጠቻቸው። የላከችው ዓባይ ማዶ ሻይ ቤት ያላት ዘይነት ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት የፈቃድ ማመልከቻዋን ሲጽፉላት አውራ ጣቷን ነበር ያተመችው። ከዚያ ወዲህ መሠረተ ትምህርት ገብታለች። ፊደሏ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ሃያ ቦታ ባረሙት ነበር። እንደ ዐመላቸው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ለማዘጋጃ ቤት ጓዶች። ጸሐፊው አቶ ቢያዝን ከዋርካው ሥር አይነሡብን። የኔ ሻይ ቤት የተከፈተች በሳቸው እጅ ነው። እሳቸው ከተነሡ ያልተማረ ሰው ምን ይሆናል። ደግሞም የስምንት ልጆች…»

ቀሪውን በዐይናቸው ብቻ ጨረሱት። ከሥሩ በቀይ «አንድ ዘንባባ ይቅር፤ ጸሐፊው ባሉበት ይቆዩ» የሚል ትእዛዝ ሰፍሯል።

አገርነሽ ዐይናቸውን እስኪጠርጉ ጠበቀችና በስማቸው አዲስ ፋይል ከፈተች።

«የልጆች ብዛት የሚል ቦታ አለው፤ ምን ልበል?»

አቶ ቢያዝን መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ዘይነት ያለችውን ጻፊው» አሉ።